ሦስተኛው እምቢታ

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ ምላሴ እንደ ጥቅምት ጭቃ ደርቆ ይሰንጠቅ። በእናቴ አልምልም፤ እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሞተ ሰው መማል ደግሞ የውሸታሞች ዘዴ ነው። እኔ የምምለው ባለኝ ነገር ነው፤ ያለኝም ምላሴ ነው። እንጀራዬን የበላሁት በእሷ ነው፤ ሰው ፊት የቆምኩት በእሷ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያደረ ደሜን የመለስኩትም፣ አሁን እንደምትሰሙት፣ በእሷ ነው።

ገነነ እባላለሁ። ስሜን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከዓባይ ወዲያ ማዶ የምትኖሩ መሆን አለባችሁ። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ፣ ከሸጋዬ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ በኮምፔርሳቶ በተከፈለች ክፍል ውስጥ፣ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው የዚያን አገር የመንደር አነጋገር አስተምራለሁ። እንግሊዝኛ አላልኩም። እንግሊዝኛማ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያስተምራል፤ ተማሪውም አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ አፉ ይያዛል። እኔ የማስተምረው ሰዎቹ እቤታቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው የሚያወሩትን ነው። በጎረምሳነቴ መራዊ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ አውስትራሊያውያን ሦስት ዓመት አስተርጓሚ ነበርኩ። ዋናው ቆፋሪ ሊሰናበተኝ ሲል፣ ካንተ ጋር ከዋልኩ ወዲህ እናቴ በስልክ ስትሰማኝ አነጋገርህ ተስተካከለ አለችኝ ብሎ መስክሮልኛል። አሁን ደግሞ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ አሥር ቀን በሚጠፋበት ጊዜ ከስልክ እማራለሁ የሚል ሰው የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሰባ ሁለት ሰው በአምስት አህጉር በትኛለሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ኮምፔርሳቶው ተንኳኳና ሰባ ሦስተኛዋ ገባች። ያምሮት ነበረች።

እስቲ ያምሮት ማን እንደሆነች ልንገራችሁ፤ ያለዚያ በቀሌ አይጣፍጣችሁም።

ያምሮት የቡሬው የበርበሬ ነጋዴ የአቶ የሺጥላ ልጅ ናት። በዘጠና አምስት ዓ.ም. የሃያ ዓመት ልጅ ሆና ፍኖተ ሰላም ግብርና ቢሮ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። እኔም ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ወረቀት ይዤ በየሳምንቱ ቢሮው እመላለሳለሁ። መጀመሪያ በመስኮት ተያየን። መተያየት ስላችሁ ዝም ብሎ ማየት እንዳይመስላችሁ፤ እሷ ቀና ባለች ቁጥር ወረፋ የያዘው ገበሬ ሁሉ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ይፈልግ ነበር። ከዚያ መጻጻፍ ጀመርን። ደብዳቤዎቻችን የሚቀመጡት «የማዳበሪያ ሥርጭት» የሚል ፋይል ውስጥ ነው፤ በበጋ ያን ፋይል የሚከፍት ስለሌለ። ሰባት ወር ሙሉ በምዕራብ ጎጃም ከማዳበሪያ የበለጠ የተሠራጨው የኔ ፍቅር ነው።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ የሠራውን ጋቢ የቡሬ ባለጸጋ ሁሉ ይለብሰዋል፤ አባቴን ግን ማዕድ ላይ የሚያስቀምጠው የለም። ይህን እያወቅሁ አያ ገብረሰንበትን አስቀድሜ ሦስት ሽማግሌ ወደ ቡሬ ላክሁ። አቶ የሺጥላ ከደጅ ተቀብለው፣ ቆመው ሰምተው፣ አንዲት መልስ ሰጡ። ልጄን ለሸማኔ ልጅ የምሰጠው የቡሬ በርበሬ ማቃጠል የተወ ዕለት ነው አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ኀዘን የለም። አያ ገብረሰንበት እንዲያውም እየሳቁ ነው የነገሩኝ። የመጀመሪያው ቃል ነው፣ ልጁን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጥ አባት ልጁ የረከሰችበት ይመስላል፣ ደንቡ ሁለተኛ መሄድ ነው፣ ሦስተኛም መሄድ ነው አሉኝ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ከነጮቹ ጋር ውዬ የማድር ሰው ነኝ፤ ኩራቴ ከተከዜ እስከ ዓባይ ይደርሳል። የኔ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አይለምንም ብዬ አስቀረኋቸው።

በሳምንቱ ከማዳበሪያው ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት አገኘሁ። የተጻፈበት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስጠየቅኸኝ።»

እኔም አርባ ገጽ መለስኩላት። ሽማግሌዎቹ በተመለሱ በስምንተኛው ወር ለአንድ የቡሬ የእህል ነጋዴ ተዳረች። የሠርጋቸው መኪኖች በፍኖተ ሰላም ሲያልፉ መንገዱ ዳር ቆሜ፣ አንድ ቀን ከቤቴ በር ላይ ትቆሚያለሽ፣ ያን ቀን እኔም አንድ ቃል እመልስልሻለሁ ብዬ ማልኩ። ይኸው፣ ባሏ ሞቶ፣ አባቷም አልፈው፣ ደጄ ላይ ቆመች።

ፊት ለፊት እያየችኝ «አቶ ገነነን ፈልጌ ነበር» አለች።

አቶ አለችኝ። ሰባት ወር «ገኔ» ያለች አፍ። መነጽር አድርጋለች፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ነጭ ገብቶበታል፤ አንገቷ ግን ያው የጥንቱ ነው። ወይዘሮ ያምሮት፣ ይቀመጡ አልኳት። እርስዎ ስላት መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ መነጽሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። ሀይሉ የሚባል የቡሬ ተወላጅ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ፐርዝ የሚባል አገር ሃያ ዓመት የኖረ፣ በቤተሰብ በኩል ለጋብቻ ጠይቋት ቪዛዋ ወጥቷል። የምትሄደው በወሩ ነው። ሰውየው ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ በስልክ ሲያናግሯት ከአሥሩ ቃል አንዱ እንኳ አይገባትም፤ መልስ ስትሰጥ ደግሞ ከኋላ ይስቃሉ። «የምገባው ቤታቸው ነው» አለችኝ። «በምገባበት ቤት መሳቂያ ሆኜ መኖር አልፈልግም። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

እኔ ግን የምፈልገው ነገር ነበረኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስድብ እያስተማረ ሰላምታ ነው ይላት ነበር። አስቤዋለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ነገር ግን ያ የልጅ በቀል ነው፤ ባረፈች በሁለተኛው ቀን ይታወቃል፣ ተስቆ ያልቃል። የኔ በቀል እንደ በርበሬ ገብቶ፣ ቆይቶ፣ ውስጥ ለውስጥ ማቃጠል አለበት። አባቷ በአንድ እምቢታ ገደሉኝ፤ እኔም በአንድ እምቢታ እገድላታለሁ አልኩ። እምቢታ የሚገድለው ደግሞ እሺ ያለን ሰው ነው። የኛ አገር ሴት ቢሞቱላት በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አትልም። ስለዚህ አስቀድሜ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለትን አስተምራታለሁ። ከዚያ በመጨረሻው ቀን እጠይቃታለሁ። እሺ ትላለች። ያን ጊዜ ያን አንድ ቃል እመልስላታለሁ።

ትምህርቱ እውነተኛ ነበር፤ ወጥመዱም እውነተኛ ነበር። እንዲህ ያለ በቀል በጎጃም ምድር ከኔ በፊት ያሰበ ካለ ስሙን ጻፉልኝ።

በየቀኑ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቡሬ ትመጣለች። ከሰላምታ ጀመርኩ። «ሃው ያ ጎዊን» ሲሉሽ ጤናሽን መጠየቃቸው አይደለም፣ ማለፋቸው ነው አልኳት። እሷ ግን በእንግሊዝኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ እናትዎ እንዴት ናቸው፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ እያለች ትሄዳለች። ሰውየው እኮ ባቡሩን ተሳፍሮ፣ ሥራ ገብቶ፣ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ አንቺ ገና ከብቱ ላይ ነሽ አልኳት። ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ያን ሳቅ ሃያ ሁለት ዓመት አልሰማሁትም ነበር። ልቤን አርፈህ ቁጭ በል አልኩት።

ከሰዓት በኋላን «አርቮ» እንደሚሉት አስተማርኳት። «ሲ ያ ሌተር»፣ በኋላ እንገናኝ፣ ያለሽ ሰው አይመጣምና ቡና እንዳታፈዪ፣ በሩንም ስታዪ እንዳትውዪ አልኳት። እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝና፣ በር ማየቱን እንኳ እችልበታለሁ አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ግብዣ ላይ «ብሪንግ ኤ ፕሌት»፣ ሰሃን ይዘሽ ነይ፣ ካሉሽ ሰሃኑን ባዶውን ሳይሆን ምግብ ሞልተሽ ነው የምትሄጂው ስላት በጣም ተገረመች። እንግዳን ምግብህን ይዘህ ና ማለት እቤቴ አትምጣ ማለት አይደለም ወይ አለች። እኔም የኔ እመቤት፣ የምትሄጂው ወደዚያ አገር ነው አልኳት። የኔ እመቤት ማለቴን ያወቅሁት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለታችንም ደብተሩን አየን።

ከዚያ ዋናው ትምህርት መጣ። ከጎረቤት ትኩስ ቦንቦሊኖ አስመጣሁና ሰሃኑን ገፋ አድርጌ ብዪ አልኳት። ማለዳ ተነስታ ቁርስ ሳትቀምስ እንደምትመጣ አውቃለሁ። በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ አለች። እንደ ደንባችን በሞቴ ብዬ እስክለምናት ትጠብቃለች። እኔ ሰሃኑን አነሳሁት። እዚያ እንዲህ ነው አልኳት፤ አንዴ አይ ካልሽ አበቃ፣ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም። ቦንቦሊኖውን ፊቷ በላሁት። በማግሥቱም አልበላም አለች፤ አነሳሁት። በሦስተኛውም ቀን። ዓይኖቿ ሰሃኑን እስከ መስኮቱ ድረስ ሲከተሉት አይ ያምሮት፣ እኔም አንድ ቀን እንዲህ ተነሥቶብኝ ነበር እላለሁ በልቤ። በቀል ከቦንቦሊኖ ይጣፍጣል። በአምስተኛው ቀን፣ ገና ሰሃኑን ሳላስቀምጠው፣ እጇን ዘርግታ «ያህ፣ ታ»፣ እሺ አመሰግናለሁ እንደማለት፣ አለችና ወሰደች። የፐርዝ ሰው ራሱ እንደዚያ አይልም። ስኳሩ ከንፈሯ ላይ እንደቀረ፣ «ሰው እንዲህ ቀላል ቢሆን ስንት ነገር ይተርፍ ነበር» አለች።

ያን ዕለት ደብተሬን ቀድሜ ዘጋሁ። ራሴን ያመመኝ መሰለኝ።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሰማዩን ልትይዝ ነው። የሀገር ልብስ ለብሳ መጣች፤ ጋቢም በክንዷ ይዛለች። ጥለቱን ከሩቅ አወቅሁት። የአባቴ እጅ ነው። የሟች አባቷ ነበር፣ እዚያ ብርድ አለ ሲሉኝ ይዤው ልሄድ ነው አለች። እኔ ላይ ቢሆን ኖሮ የዚያ ጋቢ ክር አንገቴን አንቆ ይገድለኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ፣ ፈተና አለ አልኳት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ እንደ እዚያ አገር ሰው ነው የምትመልሺው፣ መግደርደር የለም።

ቆምኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ወንበሩን ያዝኩ።

«ሀይሉን ተይው ብልሽ፣ ፐርዝንም ተይው ብልሽ፣ ፍኖተ ሰላም ከኔ ጋር ኑሪ ብልሽ?»

መነጽሯን አወለቀች። ብዙ አላሰበችም። እኔ አስተምሬያት የለ።

«እሺ» አለች። በአማርኛ።

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ሰዓት ይህ ነው። ደሜ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። «እምቢ» አልኳት።

ፊቷ ነጣ። እጇ ጋቢው ላይ ቆመ። ይኸው፣ ወደቀች ብዬ ልደሰት ስል፣ ቀስ እያለ ከዓይኗ ጥግ ፈገግታ መጣ።

«አንተ የጎጃም ሰው ነህ» አለችኝ። አንተ አለችኝ፤ እርስዎው የት እንደገባ አላውቅም። «የመጀመሪያው አይቆጠርም። በሞቴ ገኔ፣ እሺ በለኝ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሷን ከደንባችን አስወጣለሁ ብዬ ወር ሙሉ ስለፋ፣ ለራሴ የቀረኝ ደንብ ወጥመድ ሆነብኝ። ሁለተኛ እምቢ አልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ያን ጊዜ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጋቢውን እያጠፈች። ሽማግሌዎቼ ከሄዱ በኋላ አባቷ እናቷን ጠርተው፣ ልጁ ኩሩ ነው፣ ሲመለሱ በባዶ አፍ አንቀበላቸውም፣ ጠጅ ጣዪ አሏት። ጠጁ ተጣለ። በየእሑዱ ቤቱ ይጠረጋል፣ ሣር ይጎዘጎዛል፣ እሷ ከመስኮት ላይ የመንገዱን አቧራ ታያለች። ከፍኖተ ሰላም የሚመጣ መኪና ሁሉ እነሱ ይመስሏታል። ስምንት እሑድ። ጠጁ ኮመጠጠ። እናቷ በጓሮ ስትደፋው አባቷ በረንዳ ላይ ቆመው፣ እኔ ጨክኜ ሳይሆን እንደ ሰው ደንብ ነው የመለስኩት አሉ፤ ከዚያ በኋላ የኔን የገነነን ስም በቤቱ ያነሣ አልነበረም።

«እምቢ ያለህ አባቴ አይደለም» አለችኝ። «አንተ ነህ እኔን እምቢ ያልከኝ። ያኔ ገና አውስትራሊያ ሄደህ ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ መጣች። እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አንድ ጣት ርቀት ላይ አስቀመጠች። በሞቴም አላለች፣ ገኔም አላለች። ለሦስተኛ ጊዜ፣ እንደ ሽማግሌ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ልኑር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ደካማ ወንድ ሁሉ እዚያ ላይ ይንበረከክ ነበር። እኔ ግን ገነነ ነኝ። በሽመና የጎበጠውን የአባቴን ጀርባ አሰብኩ፤ የበርበሬውን ነገር አሰብኩ፤ የሠርጉን መኪኖች አሰብኩ። ሦስተኛውን እምቢታ እንዲህ አድርጌ ነው ያወጣሁት፤ ከላይ የቆርቆሮው ጣራ ነጋሪት ሆነ፣ በመንገዱ የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ቆመ፣ ጎረቤት ከተማ ማንኩሳ ላይ ያሉ ሰዎች ምን ፈነዳ ብለው እንደወጡ በኋላ ሰምቻለሁ። ያምሮት አለቀሰች። እንባዋ ጋቢው ላይ፣ የአባቴ ጥለት ላይ ነው የወረደው። በሩ ድረስ ሸኘኋትና፣ እንዲያው ለትምህርቱ ማጠቃለያ፣ «ሲ ያ ሌተር» አልኳት። ወጣች። እኔም ደሜን መልሼ፣ እንደ ድል አድራጊ፣ ባዶው ወንበር ፊት ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ማንም አላስነሣኝም።

ይኸው ነው ታሪኩ። ይህን የምጽፈው እኔ አይደለሁም፤ እኔ እናገራለሁ፣ የጽሕፈት ቤቷ ባለቤት ሸጋዬ በኮምፒውተሯ ትጽፋለች። ሸጋዬ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ከማንም ጋር የማትነካካ፣ ቃሏ የታመነ ሰው ናት። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ማዶ ስለነበረች ሁሉን ሰምታለች። ከኔ በኋላ አንድ መስመር የምስክርነት ቃል ጨምሪበት፣ ታሪኩን የምልክለት መጽሔት እንዳይጠራጠር፣ እንደመሰለሽ ጻፊው፣ አንድ ፊደል አልነካብሽም አልኳት። ጣቶቿ ቆሙ። ከጽሑፉ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣ የምትጽፈውን እያነበበችልኝ መጻፍ ጀመረች፦

«ጋሽ ገነነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወይዘሮዋ እኮ አልገቡም። የመጡት አንድ ቀን ነው። ሲመጡ እርስዎ በኮምፔርሳቶው ስንጥቅ አዩዋቸውና የለም በያቸው፣ መራዊ ሄዷል በያቸው አሉኝ። እሳቸውም እጠብቃለሁ ብለው አግዳሚው ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። በሩን ነበር የሚያዩት። በኋላ እርስዎ ከጀርባ በምልክት ፎቶ ኮፒውን አስነሺው አሉኝ፤ እርስዎ ሲያለቅሱ እሳቸው እንዳይሰሙዎት። የሚገለበጥ ነገር አልነበረኝም። እሳቸው ተነሥተው እስኪሄዱ ድረስ ባዶ ወረቀት ሳወጣ ቆየሁ።»